የሞተ አባት ያሸንፋል

የማርከር ሽታ ያናድደኛል። ሌላውን ሰው ሽታው ራሱን ያዞረዋል፣ ያስነጥሰዋል፤ እኔን ግን ያናድደኛል። ኮምቦልቻ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ልጆች አስጠናለሁ፤ እንጀራዬ ነው። ሰሌዳዬ ግን ጥቁር ነው፣ የምጽፈውም በጠመኔ። ተማሪዎቼ "ቲቸር፣ ነጭ ሰሌዳ ግዢ፣ በአቧራ አለቅን" ሲሉኝ እንዳልሰማ እሆናለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዷ ልታስደስተኝ ብላ ማርከር ይዛልኝ መጣች። ክዳኑን ስትነቅለው ያ የሚሰነፍጥ ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ እኔም ከዚያ ሁሉ የኮምቦልቻ ሙቀት መሃል ተነቅዬ ደሴ፣ ሆጤ፣ ብርድ የማይለቃት የፎቅ ክፍል ውስጥ ተገኘሁ። "ክደኚው" ያልኳት በቁጣ ነበር። ልጅቷ ምን እንዳጠፋች አታውቅም፤ ምንም አላጠፋችም።

ላንተ ልንገርህ። ለሰው ብዙ አውርቼው አላውቅም።

ክፍሏ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ነበረች። ልብስ ሰፊው አብራኝ የምታጠናው የቅርብ ጓደኛዬ አባት ነው። የእንጨቱ ደረጃ ሲወጡት ያቃስታል፤ ወለሉ በስንጥቁ የታችኛውን ቤት ብርሃን ያሳያል፤ የስፌት መኪናውም ቀኑን ሙሉ ከእግራችን ሥር ይንደቀደቃል። ክረምት ሲሆን ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም መስኮቱ ድረስ መጥቶ ይቆማል። እኛ በጃኬታችን እንደተሸፈንን፣ እጃችንን ብብታችን ውስጥ ከትተን እናጠናለን። በሩ ላይ "የማትሪክ ዝግጅት፣ የግል ጥናት፣ የውጭ ኮሌጅ ማመልከቻ እናግዛለን" የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

አስጠኚያችን ወጣት ነበር። እንግሊዝኛውን ሲናገር ያምርበታል፤ ሒሳብ ሲያስረዳ ደግሞ ድንጋይም ይገባዋል። ይህን አልክድም። ሐቅ ሐቅ ነው። ከእሱ በፊት ማንም "አንቺ ሌላ አገር ሄደሽ መማር ትችያለሽ" ብሎኝ አያውቅም። እሱ ነው ያለኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ለብቻዬ ስስቅ ያየኝ ረዳት "ምን አገኘሽ?" ብሎኛል። ያን ዕለት የነበረኝን ደስታ ሳስበው የበለጠ ነው የምናደደው።

ቤታችን ከደሴ ወጣ ብሎ ገራዶ ነው። አባቴ አትክልት ያመርታል፤ ካሮት፣ ጎመን፣ ድንች። የአስጠኚውን ክፍያ ከፍሎ ሲያበቃ ደግሞ በየጊዜው ማዳበሪያ ሙሉ ካሮት ተሸክሞ ያንን ደረጃ ይወጣል። "አስተማሪ ባዶ እጅ አይጠየቅም" ይላል። ማዳበሪያው ክፍሉ ጥግ ሲቀመጥ የእርጥብ አፈር ሽታ ከማርከሩ ሽታ ጋር ይቀላቀላል። አስጠኚው አንዷን ካሮት አንሥቶ በመሃረቡ ይወለውልና እያስተማረ ይቆረጥማል። ያኔ ደስ ይለኝ ነበር። የአባቴን ነገር ሰው ሲበላው ማየት ደስ ይላል።

ለውጭ ኮሌጅ ስታመለክት ኤሴይ የሚሉት ነገር አለ። ስለራስህ የምትጽፈው ድርሰት ነው፤ ማርክህን አይተው ሲያበቁ ደግሞ አንተ ማን እንደሆንክ የሚያዩበት። እኔ ስለ ካሮታችን ጻፍኩ። ጦርነቱ ወደ እኛ ሲጠጋ ከሰሜን የሚመጣው ተፈናቃይ በደጃችን ያልፍ ነበር። ሽማግሌ በቃሬዛ፣ ሕፃን በጀርባ። አንድ ቀን ጠዋት አባቴ የማሳውን አጥር በገዛ እጁ ነቀለና መንገድ ዳር ቆሞ "ግቡ፣ ነቅላችሁ ብሉ" ይል ጀመር። ሰዉ መጀመሪያ አላመነውም። ኋላ እኔና እሱ ራሳችን ካሮቱን እየነቀልን፣ አፈሩን በሳር እየጠረግን ሰጠን። ማሳው ባዶ ሆነ። በዚያ ዓመት ለዘር ያልነው ሳይቀር ሄደ። እኔ ስለዚህ ነው የጻፍኩት። ጠረጴዛ የለኝም፣ ሌሊቱን ሙሉ ጉልበቴ ላይ ነው የጻፍኩት፤ እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ቃል በመዝገበ ቃላት እየፈለግኩ።

አስጠኚው አነበበውና ወረቀቱን አጠፈው። "ጥሩ ነው" አለኝ። "ግን አባትሽ በሕይወት አለ።"

"አለ፣ አልሐምዱሊላህ" አልኩ።

"እሱ ነው ችግሩ።"

የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ያን ማርከሩን በጣቶቹ መሃል እያሽከረከረ አስረዳኝ። ማዶ ያለው አንባቢ ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ድርሰት ሲያነብ ይውላል፤ ካሮት አያስለቅሰውም፤ ከጦርነት አገር የመጣ ልጅ አባቱ ካልሞተ ምኑ ያሳዝናል? "በዚህ ሥራ የማውቀውን ልንገርሽ" አለኝ፣ "የሞተ አባት ያሸንፋል።"

"አባቴን አትንካብኝ" አልኩት።

"እሺ፣ እሺ። እንግሊዝኛውን ብቻ ላስተካክልልሽ።"

ማመልከቻውን የሚሞላው በእሱ ላፕቶፕ ነው፤ የሁላችንንም የይለፍ ቃል የያዘው እሱ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነበር፤ ማንም አልጠየቀም።

ያን ዕለት ደረጃውን ስንወርድ ጓደኛዬ ክንዴን ያዘችኝ። እሷ ከእኔ ትበልጣለች፤ ክፍሉ ውስጥ እሷን የሚያህል ጎበዝ አልነበረም። "እኔ እሺ ብየዋለሁ" አለችኝ።

"ምን ብለሽ?"

"በቃ፣ እንዳለው። አባቴ እንግሊዝኛ አያነብ፤ ማን ይነግረዋል?"

ይህን ስትለኝ ሱቁ በር ላይ ደርሰን ነበር። አባቷ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ፣ መርፌ ላይ ክር እያስገባ፣ ቀና ብሎ ፈገግ አለልን። "ጨረሳችሁ የኔ ልጆች? በብርድ አለቃችሁ" አለን። እሷ ገብታ ትከሻውን ሳመችው። እኔ ሰላም ማለት አቅቶኝ መንገድ መንገዱን አየሁ።

አባቴ እንዳመለከትኩ ሲሰማ "ዱዓ ይደረጋል" አለ። በእኛ ዘንድ ዱዓ ሲደረግ የሚለመንበት ነገር መሃል ይቀመጣል። ለዘር ከሆነ ዘሩ በሰፌድ፣ ለታመመ ከሆነ የሚጠጣው ውሃ። ስለዚህ አባቴ "ወረቀቱን አምጭው፤ ሼኹ ቁርኣን ይቅሩበት" አለኝ። ለኮምፒዩተር ዱዓ እንዴት እንደሚደረግ አያውቅማ።

አስጠኚው ፕሪንት አድርግልኝ ስለው አልወደደም። "ዱዓው ያለ ወረቀት አይሆንም?" አለ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያለ አመላለሰኝ። በመጨረሻ ዱዓው በሚደረግበት ቀን፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው ብዬ በር ላይ ስቆምበት፣ አትሞ አጥፎ ሰጠኝ። "እንግሊዝኛ ነው፤ ማንም አያነበውም" አለኝ። ይህን ያለኝ እኔን ነው እንግዲህ። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ሰውዬ።

ያነበብኩት ወደ ገራዶ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ነው፤ ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ። ካሮቱን አልጣለውም። እሱ ነው የባሰው። ማሳውን፣ አጥሩን፣ አፈሩን በሳር መጥረጋችንን፣ ሁሉንም አስቀርቶት ነበር። ደም ብቻ ቀባው። አባቴ ካሮቱ መሃል ተመትቶ ወደቀ ይላል። እኔ በባዶ እጄ ጉድጓድ ቆፍሬ ብቻዬን ቀበርኩት ይላል። ከዚያ ወዲህ ካሮት ቀምሼ አላውቅም ይላል። እሱ የአባቴን ካሮት እየቆረጠመ ነው ይህን የጻፈው። የበላበትን ወጪት ሰባሪ ሲባል እሰማ ነበር፤ ሰውዬውን ያን ቀን አወቅኩት። ደግሞ ተልኳል፤ የተላከበት ቀን ከላይ ታትሟል። ከተላከ ቆይቷል።

ቤት ስደርስ ጎረቤቱ ተሰብስቧል። ዝናቡ አባርቶ በበሩ የገባችው ፀሐይ ምንጣፉ ላይ ተዘርግታለች። አባቴ ንጹሕ ሽርጡን አገልድሞ፣ ነጭ ኮፍያውን ደፍቶ፣ እንደ ሙሽራ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሳልቀመጥ ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለኝና በሁለት እጁ ይዞ ሼኹ ፊት፣ ሰፌዱ ላይ አስቀመጠው። ምን ልበል? ከማን ጋር ልማከር? ሁሉም መዳፉን ዘርግቷል። ከሁሉም ከፍ ያለው የአባቴ መዳፍ ነበር፤ አፈር የሰነጠቀው።

ሼኹ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ያ ረቢ፣ ይህች ልጅ የጻፈችውን አትንሳት። በዚህ ወረቀት ላይ ያለውን ሁሉ እውን አድርግላት።"

"አሚን እንዳትሉ" አልኩ።

በዱዓ መሃል ሴት ልጅ አፏን ከፍታ አሚን አትበሉ ስትል በአገራችን ተሰምቶም አያውቅ።  ሼኹ ዓይናቸውን ገልጠው "ምን ሆንሽ ልጄ?" አሉኝ፣ ሳይቆጡ።

"ሼኽየ፣ ወረቀቱ ላይ አባቴ ሞቷል። ሌላ ሰው ነው የጻፈው።"

ከሴቶቹ በኩል "አዑዙ ቢላህ" የሚል ድምፅ ተሰማ። አባቴ መዳፉን ቀስ ብሎ ጉልበቱ ላይ አወረደ። "አንብቢልኝ" አለ። በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩለት።  ስጨርስ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አሰበ።

"ማሳው ውስጥ ነው የሞትኩት?"

"አዎ፣ አባየ።"

"ማን ቀበረኝ?"

"እኔ።"

"ብቻሽን?"

"ብቻየን።"

"ይሄ ሁሉ ጎረቤት የት ሄዶ?" አለ። እውነቱን ነው የጠየቀው፤ ቅር ብሎታል። አንድ ሰው ብቻውን ተቀብሮ በማያውቅበት አገር እሱን በአንዲት ልጅ እጅ አስቀበሩት። ከሞቱ ይልቅ ይህ ነበር የከነከነው። "ይህን የጻፈው ልጅ እኛን አያውቀንም" አለ፤ ጎረቤቶቹም "ወላሂ አያውቀንም" አሉ።

ከዚያ ወደኔ ዞረ። "ይህ ካልሆነ አይወስዱሽም?"

"አይወስዱሽም ይላል።"

"እንግዲያው ተይው፣ ይሁን። እኔ ሞቼ አንቺ የምትማሪ ከሆነ ምን ይጎለኛል?"

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። አዝኜ እንዳይመስልህ። ንዴት ነው። አንድ ሰው ማሳውን ሁሉ ለመንገደኛ ሰጥቶ፣ አሁን ደግሞ የቀረችውን ነፍሱን በገዛ አፉ ሲሰጥ፣ ይህንንም እንደ ቀላል ነገር ሲናገረው! የማን ሕግ ነው ይህን ያመጣው? ልጅህ እንድትማር መጀመሪያ ሙት የሚል?

ሼኹ ወረቀቱን ከሰፌዱ ላይ አንሥተው በግንባሩ ደፉት። "እኔ በዚህ ላይ እጄን አላነሣም" አሉ። "ሌላ እንለምናለን።" የአባቴን ዕድሜ እንዲያረዝም ለመኑ። አሚን ያልኩት ከሁሉም ጮክ ብዬ ነው።

በማግሥቱ አባቴ አብሮኝ ሆጤ ወረደ። መንገዱን ሙሉ የሚያደርገውን ሳስብ ነበር። ጠረጴዛውን ይገለብጠዋል፣ አንገቱን ያንቀዋል፣ ከታች ያለውን ልብስ ሰፊ ጠርቶ ሁሉንም ይነግረዋል ብዬ ነበር። አስጠኚው አባቴን ሲያይ ከመቀመጫው ብድግ አለ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ይቀመጡ አባቴ፣ ይቀመጡ። ይሄ... አሠራር ነው። ለልጅዎ ብዬ ነው።"

አባቴ አልተቀመጠም። "አባትህ አለ?" አለው።

"አለ።"

"የት ነው ያለ?"

"ኮምቦልቻ።"

"ደህና ነው? ጤናው?"

"ደህና ነው።"

"አልሐምዱሊላህ። ሰላም በልልኝ" አለው አባቴ። ይኸው ነው። ሌላ ምንም አልተናገረውም። ወጥቶ ደረጃው ላይ ጠበቀኝ።

አባቴን እወደዋለሁ፤ ለዚህ ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። እንዲጮህበት ፈልጌ ነበር። ጨዋነት ለዚያ ሰውዬ ምኑ ነው? ሰላምታውን ለአባቱ አድርሶት ይሆን? እንጃ።

እኔ ግን ቆምኩበት። "የይለፍ ቃሌን ስጠኝ" አልኩት። "አሁን ብታነሺው አበቃልሽ፤ ማመልከቻ የሚቀበሉበት ቀን አልፏል፤ ሌላ ብትልኪም አያነቡትም" አለኝ። እውነቱን ነበር፤ አውቄው ነው። የፈለግኩት ትምህርት፣ ቤተ መጻሕፍቱን በስልክ ስንቴ ያየሁት ኮሌጅ፣ ሁሉም እዚያ ላፕቶፕ ውስጥ ነበር። "አባቴ በሕይወት አለ። ይህን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። ማመልከቻዬን አንሥቻለሁ" ብዬ ጻፍኩና ላክሁት። ከሥሩ የራሴን የካሮት ድርሰት አያያዝኩ። መልሱ ከቀናት በኋላ መጣ። ስላሳወቅሽን እናመሰግናለን፣ ማመልከቻሽ ተዘግቷል። ስለ ካሮቱ አንድ ቃል የለም። አላነበቡትም። ያ ድርሰት በዓለም ላይ አንድ አንባቢ ብቻ ነው የነበረው፤ እሱም አጠፈው። ይህ አሁንም ያንገበግበኛል።

እኔ እዚሁ አገር ተመድቤ ተማርኩ። ጓደኛዬ ሄደች። አባቷ ለመንገዷ ጥቁር ካፖርት ሰፋላት፤ ብርድ አገር ነው ብሎ ገበሩን በሁለት አነባበረው። አስጠኚው ዛሬም ያስጠናል፤ እንዲያውም ስሙ ገኗል። ከዚያ ፎቅ ላይ ትልቅ ባነር ሰቅሎ የጓደኛዬን ፎቶ ለጥፎበታል፤ እየሳቀች። ልብስ ሰፊው ሱቁን ሲከፍት ቀና ብሎ ያየውና "ልጄ ናት" ይል ነበር ለአላፊ አግዳሚው። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ባነሩን ቀድጄ መጣል ያምረኝና ልብስ ሰፊውን አይቼ እተወው ነበር።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእሷ እያደር ከበደ። እዚያ ኮሌጅ በየዓመቱ ለረጂዎች እራት ይደረጋል፤ እሷን ያስነሡና ስለ አባቷ ተናገሪ ይሏታል። ትናገራለች፤ ሰዎቹ ያለቅሳሉ፤ ያቅፏታል። አባቷ ሲደውል የልብስ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ገብታ በሹክሹክታ ነበር የምታወራው፤ ክፍል ከምትጋራት ልጅ ተደብቃ። "አባየ ድምፅሽ ለምን አነሰ ይለኛል" ብላኝ በስልክ ስቃለች። እኔ አልሳቅኩም።

ባለፈው ክረምት ልብስ ሰፊው ሞተ። ሳይታመም፣ ሱቁን ዘግቶ ቤቱ እንደገባ። እኔና አባቴ ልንቀብርና ለቅሶ ልንደርስ ሄድን። ሆጤ መንደሩ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ድንኳኑ ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተደጋግፎ ተቀምጧል፤ ዝናቡ በሸራው ጫፍ ይንጠባጠባል። ከተቀመጥን ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጠራ። እሷ ናት። ወጥቼ አጥር ሥር ቆምኩ። እዚያ ገና አልነጋም።

"ለማንም መንገር አልቻልኩም" አለችኝ። ድምፅዋ የጨርቅ ክምር ውስጥ እንደታፈነ ነበር፤ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ገብታ ነው። "ምን ብየ ልንገራቸው? ሁሉም አንዴ አልቅሰውልኛል። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ጠዋት ፈተና አለብሽ፣ ተኚ ብላኝ ተኝቼ ነበር። ማን ለቅሶ ይደርሰኛል?"

 ልቆጣት ፈልጌ ነበር፣ ወላሂ፤ ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት ነገር ምላሴ ላይ ነበር። አባቴ ከድንኳኑ ወጥቶ ከኋላዬ ቆሞ ኖሮ እጁን ዘረጋ፤ ስልኩን ሰጠሁት። ጋቢውን አስተካከለ፤ ሰው ፊት እንደቀረበ ሰው ኮፍያውን አቀና።

"የኔ ልጅ" አላት፣ "እግዜር ያጽናሽ። ደግ ሰው ነበር። አፈር አልብሰን መጣን፤ ብቻውን አልተቀበረም፤ አገር ነው የቀበረው። አልቅሽ። አልቅሽ የኔ ልጅ፣ እኔ አለሁ፣ ለቅሶሽን ደርሻለሁ።"

ለቀቀችው። እንዲያ ያለ ለቅሶ ከዚያች ትንሽ ስልክ ሲወጣ፣ በአጥሩ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቆመ። አባቴ ስልኩን ከጆሮው ሳያርቅ አብሯት ቆመ። ከዚያ በወዲያ በኩል በር ሲንኳኳ ሰማን። የሴት ልጅ ድምፅ በእንግሊዝኛ ደህና ነሽ ወይ፣ ምን ሆንሽ ብላ ጠየቀች።

ለቅሶው ተቋረጠ። ጓደኛዬ አፍንጫዋን ሳበች። ቀጥሎ የመጣው ያ ሁላችንም ስንቀናበት የነበረው ጥሩ እንግሊዝኛዋ ነበር።

"ምንም አይደለም" አለቻት። "ክፉ ሕልም አይቼ ነው።"